የአባቴ መረብ
ስለ ሐዋሳ ሐይቅ የወጣው ጽሑፍ ጸሐፊ የሐይቁ ዓሣ የተመናመነው «በአጥማጆች ስግብግብነት» ነው ማለታቸው ለአንዳንዱ እውነት ቢሆንም፣ ዕድሜውን አሞራ ገደል በተባለው የሐይቁ ዳርቻ የጨረሰው ሟቹ አባቴ በዚህ ስም እንዲጠራ ግን ፈጽሞ አልቀበልም። አባቴ ማታ የጣለውን መረብ ጎሕ ሲቀድ የሚያነሣ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ክሩን በእግሩ አውራ ጣት ወጥሮ የተቀደደውን የሚጠግን ሰው ነበር፤ የመረቡን ዓይን የሚለካው በሦስት ጣቱ ሲሆን፣ ሦስቱ ጣቶች የማያልፉበትን መረብ ማንም ቢያውሰው አይወስድም ነበር። በልጅነቴ ቆሮሶ የምትባል የአንዲት ዓሣን አፍ በቀስታ ከፍቶ፣ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ እንደምታሳድግ ካሳየኝ በኋላ ወደ ውኃው መልሶ ለቀቃት (ያን ቀን የያዝነው ለእራት እንኳ አይበቃም ነበር)። ከእኔ በፊት ለዚሁ ጽሑፍ መልስ የጻፉት ሌላ አንባቢ «ሐይቁ ራሱን ይተካል» ብለዋል፤ ነገር ግን የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ፣ ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻ እዚያው እንደሚቀር አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ ሳይታክት ይናገር ነበር። መረቡ ዛሬም በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ።