እባካችሁ፣ ሳታዩ አትፍቱ!

ወገን፣ ሆድ ብሶኝ ነው የምጽፈው። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ማሽኔ 23 ቀን ቆመች። ስኪድ ስቲር ነች። ስሟን የማያውቅ እንኳ አይቷታል፤ ባሕር ዳር ውስጥ መንገድ ሲሠራ፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ የማትጠፋዋ ትንሿ ሎደር። ባለችበት ቦታ ክብ የምትዞረዋ። ብዙው ሰው ቦብካት ነው የሚላት። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ያገለገለች ገዝተን ነው ሥራ የጀመርነው። የእኔ እቁብ፣ የእሱ የከብት ሽያጭ፣ የቀረው ብድር። በቀን ኪራይ ነው የምትሠራው። የቆመችበት ቀን ገቢ የለውም፤ ብድሩ ግን አንድ ቀን አይቆምም።

ሦስት መካኒክ አየኋት ብሏል። ተፈታች፣ ተገጠመች፣ እንደገና ተፈታች። በመጨረሻ ያዳናት ግን የተቀየረ ዕቃ አይደለም። የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጥቅምት ላይ ወደ ፎገራ በኩል፣ ጣና ዳር፣ እምቦጭ የማንሳት ሥራ አገኘን። ገበሬው ከውሃው ጎትቶ የከመረውን የደረቀ እምቦጭ እያነሳች መኪና ላይ ትጭናለች። እምቦጭ እርጥብ ሲሆን ውሃ የተሸከመ ሬሳ ነው፤ ሲደርቅ ግን እንደ ጭድ ይበናል። ሰው አፍና አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ነበር የሚሠራው። ማሽኗ ግን የምትሸፍነው የላትም።

ከዚያ ተመልሰን አባይ ማዶ አንድ ግቢ ውስጥ ገረጋንቲ መሙላት ጀመርን። ችግሩ እዚያ ታየ። ጠዋት ደህና ትነሳለች። ሥራው ከበድ ብሎ ሰላሳ አርባ ደቂቃ ስትቆይ የሙቀቱ ጌጅ ይወጣል፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ ጡሩምባው ይጮሃል። ባልዲዋን አውርዶ ሳያጠፋት ለትንሽ ጊዜ ሲያሳርፋት ሙቀቱ ይወርዳል። እንደገና ሥራ ስትገባ እንደገና ይወጣል።

የማሽኗ ኦፕሬተር ገና የ22 ዓመት ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ቀድሞ የሚበራው የሃይድሮሊኩ መብራት ነው። የውሃው ከሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።» ሃይድሮሊክ ማለት ባልዲዋንና ጎማዋን የሚያንቀሳቅሰው የዘይት ጉልበት ነው፤ የውሃው ያለው ደግሞ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ ነው። ይህችን ንግግር ያዙልኝ። መልሱ ያኔውኑ በእጃችን ነበር። ልጁ ለሦስቱም መካኒኮች ይህንኑ ነገራቸው። አንዱም አልሰማውም። ልጅ ነዋ! መካኒክ ሲያወራ ልጅ ዝም ይላል!

የመጀመሪያው መካኒክ ማሽኗን ሳያያት በስልክ ፈረደ። «ቴርሞስታት ነው፣ አውጥቼ እጥልልሃለሁ» አለ። መጣ፣ አወጣ፣ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ሄደ። እዚህ አገር ማንኛውም ሞተር ሞቀ ሲባል መጀመሪያ የሚወጣው ቴርሞስታት ነው። «ይሄ ለበረዶ አገር ነው የተሠራው፣ ለኛ አያስፈልግም» ይሉሃል። ውሸት ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ ሙቀቱ ላይ እንዲደርስና እዚያው እንዲቆይ የሚያደርግ በር ነው። ዲዝል ሞተር ቀዝቃዛ ሆኖ ሲሠራ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ይጨሳል፣ ዘይቱን ያበላሻል። አንዳንዱ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋው እሱው ራሱ ነው። እሱን ስታወጣው ብዙው ውሃ በራዲያተሩ ማለፉን ትቶ በአቋራጩ ይዞራል። ማለት ሙቀቱን ልትቀንስ ብለህ ጭራሽ ትጨምርበታለህ። መጠርጠር መብት ነው። ግን አውጥተህ ድስት ውስጥ ውሃ ላይ ጥደህ ይከፈት አይከፈት እይዋ! እንቁላል መቀቀል ያህል እንኳ አይፈጅም።

አልዳነችም። ከማግስቱ ጀምሮ ደግሞ ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ መልቀቅ ጀመረች። ይህንንም ያዙልኝ።

ሁለተኛው መካኒክ የውሃ ፓምፕ ነው አለ። ዕቃው ባሕር ዳር የለም። ፎቶ አንስተን አዲስ አበባ ላክን፣ 9 ቀን ጠበቅን። አሮጌው ሲወጣ በእጄ ይዤ አየሁት። ዘንጉ አይወዛወዝም። ምላጮቹ አልተበሉም። ከሥሩ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ጠብ ያለ ውሃ የለም። ፓምፕ ሲሞት መጀመሪያ የምትናገረው ያቺ ቀዳዳ ነች። ይህን ስለው «አንዴ ከተፈታ በአዲስ ይገጠም» አለኝ።

ከሁሉ በላይ በዚህ ሰውዬ ነው የምናደደው። ሁለት ነገር አድርጓል።

አንደኛ፣ ራዲያተሩ ውስጥ የነበረውን አረንጓዴ ኩላንት መሬት ላይ ደፋውና በቧንቧ ውሃ ሞላልኝ። «ባሕር ዳር በረዶ አለ እንዴ?» አለ። በረዶ የለም። ግን ከተማችን ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ባዶ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፣ 94 አካባቢ ላይ ይፈላል። የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ጫናና ኩላንቱ ነው። ኩላንት የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ ዝገት ይከላከላል፣ ውስጡ ዝቃጭ እንዳይጋገር ያደርጋል። መሬት የደፋው ደግሞ መርዝ ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፤ ጥቂቱ ይገድለዋል። ሕፃናት የሚጫወቱበት ሰፈር ነው። አፈር አልብሰን ቀበርነው።

ሁለተኛ፣ ልጁን አቃጠለብኝ። ሞተሩ ገና ትኩስ እያለ «ክዳኑን ክፈትና ውሃውን እይ» አለው። ልጁ ጨርቅ አድርጎ ግማሽ ዙር እንዳዞረው ክዳኑ ከእጁ አመለጠ። የፈላው ውሃ ከክርኑ እስከ ጣቱ ወረደበት። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ጤና ጣቢያ ወስደን ለሁለት ሳምንት እጁ ተጠቅልሎ ሰነበተ። እናቱ ምንም አላሉኝም። ዝም ብለው እጁን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቡና አፈሉልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እባካችሁ፣ ከላይ ያለውን የራዲያተር ጎማ ቱቦ በእጃችሁ ጨብጣችሁ መያዝ እስክትችሉ ድረስ ያንን ክዳን አትንኩ። ማንም ቢያዛችሁ አትንኩ።

ሦስተኛው ደግሞ ጭሱን አየና «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ይውረድ» አለ። ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል መሀል ያለው ማሸጊያ። ማስረጃው ነጭ ጭሱ ነው። ልብ በሉ እንግዲህ። ጭሱን ያመጣው የመጀመሪያው መካኒክ ቴርሞስታቱን ማውጣቱ ነው። አንዱ የፈጠረውን በሽታ ሌላው ምልክት ብሎ ያዘው። ቴስታታ ሲወርድ ደግሞ መላግ አለ፣ ጓርኒሲዮን መግዛት አለ፣ አንድ ቡሎን ቢበጠስ ሌላ ጣጣ አለ። ጓርኒሲዮን ሲሄድ ውሃ ይጎድላል። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይንፈቀፈቃል። የሞተር ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል። የእኛ ውሃ አልጎደለም፣ አረፋ የለም፣ ዘይቱ ጥቁር ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የምለው። ያን ቀን ግን ደክሞኝ ነበር። «እሺ፣ ነገ አውርደው» አልኩት።

ያን ቀን ማታ የግቢው ባለቤት አባት መጡ። ድሮ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔን ትተው ልጁን አስቀመጡት። «መቼ ነው የምትሞቀው? ቆማ ነው ሥራ ላይ?» አሉት። «ሥራ ላይ።» «ውሃ ትጨምርላታለህ?» «አልጨምርም፣ አይጎድልም።» «ቀድሞ የሚሞቀው የቱ ነው?» ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። «የሃይድሮሊክ ዘይቱ» አለ። ሽማግሌው ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ጠዋት ስትነሳ ጭሱን አሸተቱ። «ዓይን ያቃጥላል። ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ውሃ አይደለም» አሉ። ከዚያ ልጁ ሰዓት ከሚመዘግብበት ደብተር አንድ ቅጠል ቀደዱ። ነፋሱ ወደ ውስጥ በሚሳብበት በኩል፣ ወንፊቱ ላይ፣ ወረቀቱን አስደግፈው ለቀቁት። ደህና ማሽን ቢሆን ቬንትሌተሩ ስቦ ያጣብቀዋል። ወረቀቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ወደቀ። እንደገና አስደገፉት። እንደገና ወደቀ።

«አትተነፍስም» አሉ።

ሞተሩ ጠፍቶ ቀዘቀዘ። የስልኬን ባትሪ አብርቼ በራዲያተሩ አንድ በኩል ያዝኩ፣ ልጁ በሌላው በኩል ተመለከተ። የብርሃን ጭላንጭል የለም። የሃይድሮሊክ ዘይቱ ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ ፊት ተደርቦ ነው ያለው። አራት ቡሎን ፈትተን ገለጥነው።

በሁለቱ መሀል ያለው ነገር እንደ ባና ተጠቅልሎ ወጣ። ባና ነው የምላችሁ። የጣት ውፍረት አለው። የደረቀ ቅጠል፣ አቧራ፣ የዘይት ወዝ፣ ተጋግሮ አንድ ጨርቅ ሆኗል። ልጁ ከውስጡ እንደ ጸጉር ያለች ጥቁር ሥር መዘዘ። «ይሄ የፎገራው እምቦጭ ነው» አለ።

ሁለቱን የሚያቀዘቅዘው አንድ ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲታፈን ሁለቱም ይሞቃሉ። ስኪድ ስቲር እንደ መኪና መሪ የላትም፣ ጎማዋን እየጎተተች ነው የምትዞረው፤ ጉልበቷ ሁሉ በሃይድሮሊክ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ዘይቷ ቶሎ ይሞቃል። ልጁ በመጀመሪያው ቀን የነገረኝ ይህንኑ ነበር።

ጥፋቱ የእኔም ነው። በየእሁዱ ላቫጆ እወስዳት ነበር። ያ ኃይለኛ ውሃ ከላይ ያለውን እያጸዳ ብናኙን ወደ ውስጥ ገፋው፣ አቧራውን ጭቃ አደረገው። ስስ ክንፎቹንም አጎበጠ። ላይ ላዩን ታበራለች፣ ውስጧ ታፍኗል። ንፋስ በኮምፕሬሰር ሲሰጥ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፣ ብናኙ በገባበት ተመልሶ እንዲወጣ። በትንሽ ጫና፣ ራቅ ተብሎ። እኛ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። የጎበጡትን ክንፎች ልጁ በደህናው እጁ በቀጭን ቢላ አንድ በአንድ አቀና።

ከዚያ አዲስ ቴርሞስታት ገዛሁ፣ የወጣው ስላልተመለሰ። ኩላንት ሞላሁ። ቀትር ላይ፣ ባሕር ዳር በምታቃጥልበት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ገረጋንቲ አስገፋናት። ጌጁ ንቅንቅ አላለም። ጠዋት ጠዋት የነበረው ጭስም ጠፋ።

መካኒኮች፣ ሥራችሁን አከብራለሁ። እጃችሁ ባይኖር እኛ የለንም። ግን መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት የሚነዳውን ሰው ጠይቁት። ቀኑን ሙሉ ላይዋ የሚውለው እሱ ነው። ርካሹን ቀድማችሁ እዩ፤ ንፋሱን፣ ቺንጋውን፣ ክዳኑን፣ የውሃውን መጠን። ጌጁ ራሱ ሊዋሽ ይችላል፤ የሙቀት መለኪያ ካላችሁ ራዲያተሩ መግቢያና መውጫ ላይ አስጠጉ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተገኘ ፍቱ፣ እኔም ቡሎን እይዝላችኋለሁ።

ባለ ማሽኖች፣ በተለይ ጣና ዳር እምቦጭ ልታነሱ የምትሄዱ፣ ማታ ማታ ያንን ማቀዝቀዣ ገልጣችሁ እዩት። በየቀኑ። በሳምንት አይሆንም።

ልጁ ዛሬ ወደ ሥራው ተመልሷል። እጁ ላይ ጠባሳ ቀርቷል። አንተ በስልክ የፈረድከው ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ፤ አሮጌው ቴርሞስታቴ አንተ ጋ ነው። አምጣው፣ ድስት ላይ ጥደን አብረን እንየው።