ኤሊዋ ተቆጠረች እንጂ አልተመረመረችም

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አረንጓዴዋን የባሕር ኤሊ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ተራ አውጥቶ ብዙም ከማያሰጉት መደባት። ከ1970ዎቹ ወዲህ ቁጥሯ በ28 በመቶ ገደማ ጨምሯል ተባለ። እሰየው! ሌሊቱን ሙሉ ባሕር ዳር ቁጭ ብለው እንቁላል ሲጠብቁ ለኖሩት ሰዎች ምስጋናው ይድረሳቸው።

እኔን ያበሸቀኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ወሬ ነው። «በቃ ድናለች፤ ባዮሎጂስቶቹ መርፌያቸውን ሰብስበው ይሂዱ» የሚለው። ጭራሽ «ኤሊ ዳይኖሰር ሲያልቅ የተረፈች ፍጥረት ናት፤ የደም ምርመራ ምን ያደርግላታል?» የሚሉም አሉ።

ዳይኖሰር! እርግጥ የባሕር ኤሊዎች ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖረዋል። ታዲያ በዚያ ሁሉ ዘመን የሽሪምፕ መረብ ነበር? ጄሊፊሽ መስሏት የምትውጠው ፌስታልስ? ይህ «አያቴ ሳይከተቡ ዘጠና ዓመት ኖረዋልና ልጄን አላስከትብም» ከሚል ሰው ጋር መከራከር ነው። ይልቅ ወደ ቁም ነገሩ።

«ቁጥሯ ጨመረ» ሲባል የተቆጠረው ማን ነው? በአብዛኛው እንቁላል ልትጥል አሸዋው ላይ የወጣች እናት፣ ወይም ጎጆዋ። አረንጓዴ ኤሊ ደግሞ ለእናትነት እስክትደርስ 25፣ 30፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ዓመት ይፈጅባታል። ዛሬ ማታ አሸዋ የምትቆፍረው እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት የተፈለፈለች ናት። የእሷ መምጣት የሚነግረን ያኔ እንቁላሉን የሰረቀው ሰው እንዳልነበረ ነው። አሁን ባሕር ውስጥ ስላሉት ታዳጊዎች ምንም አይነግረንም። የሠላሳ ዓመት ፎቶ አይቶ «ጤናህ ደህና ነው» የሚል ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ወንዶቹስ? እንቁላል ሊጥል የሚወጣ ወንድ የለም። ጎጆ ቆጣሪ ወንድ አያገኝም። የጫጩቷን ፆታ የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው፤ ከ29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከፍ ሲል ሴቶቹ ይበዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ከሰሜናዊው የአውስትራሊያ ግሬት ባሪየር ሪፍ ሞቃት ዳርቻዎች የተገኙትን ኤሊዎች አየ። ከአዋቂዎቹ 87 በመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ከታዳጊዎቹ ግን 99 በመቶው! ይህ ለጎጆ ቆጣሪው ምሥራች ነው። ሴት ሲበዛ ጎጆ ይበዛል። ወንዱ እያለቀ ሰንጠረዡ ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ይወጣል፤ እኛም እናጨበጭባለን።

ይህ እንዴት ታወቀ? ታዳጊ ኤሊን ገልብጣችሁ ብታዩ ወንድ ትሁን ሴት አትለዩም። የወንዱ ጭራ የሚረዝመው ሲያድግ ነው። ጉዱን ካወጡት አንዱ በደማቸው ውስጥ ያለው ሆርሞን ነው። ሰብስቡት የተባለው መርፌ ይኸው!

መርፌውም እንደሚወራው ማሰቃያ አይደለም። ዓይኗን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑላታል፤ ትረጋጋለች። ከአንገቷ ጀርባ ጎን ላይ መርፌው ይገባል፤ ትንሽ ደም ይቀዳል። ከዚያ ቅርፊቷ ተለክቶ፣ እሷም ተመዝና ወደ ውኃዋ ትመለሳለች። ጉበቷ፣ ኩላሊቷ፣ ከውኃው የወሰደችው መርዝ፣ ብዙ ነገር ከዚያች ደም ይነበባል።

ኤሊዎቹን የሚይዘውን የዕጢ በሽታስ ምን ልንለው ነው? ፋይብሮፓፒሎማቶሲስ ይባላል። ከአንድ የኸርፐስ ቫይረስ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሳይንስ ተመዝግቦ ይታወቃል፤ ፍሎሪዳና ሃዋይ ክፉኛ አይተውታል። አበባ ጎመን የሚመስል ሥጋ ከዓይኗ ጥግ ይበቅላል። ያድጋል። ብሌኗን ይጋርደዋል። የማታይ ኤሊ የባሕር ሣሯን ፈልጋ አታገኝም፤ የሚመጣባትን ጀልባም አታመልጥም። ቅርፊቷ ምንም ሳይሆን ውስጧ እየከሳ ይሄዳል። ከሰማይ ለሚቆጥራት ድሮን ግን አሁንም አንድ ኤሊ ናት። ደግሞ በሽታው አብዝቶ የሚይዘው ታዳጊዎቹን ነው። ጎጆ ሲቆጠር ጭራሽ የማይታዩትን!

የተገኘችውን ኤሊ ሁሉ እንውጋ አላልኩም። ደረጃዋን የቀየረው ኅብረትም ቢሆን ጥበቃው ይቁም አላለም፤ ያንን ከኪሳቸው የጨመሩት ሌሎች ናቸው። እነሱ አረንጓዴዋን ይዘው «የባሕር ኤሊ ድናለች» ሲሉ፣ ከሰባቱ ዝርያዎች ሆክስቢልና ኬምፕስ ሪድሊ አሁንም እጅግ አስጊ በሚባለው ደረጃ ላይ መሆናቸውን ይዘሉታል። ከእነሱ መካከል የምርምር በጀት ላይ የሚፈርም ካለ፣ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አንድ ቀን ብቻ ከተመራማሪዎቹ ጋር ጀልባ ላይ ይውጣ። ያቺን ዕጢ የጋረዳትን ታዳጊ ይያዝላቸው። ለእሷ እርጥብ ጨርቅ እንኳ አያስፈልጋትም።