ማስተካከያ፦ በዕፅ የተፈረደበት ተማሪም ፋፍሳ (የአሜሪካ ፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ) ይሞላል
በአሜሪካ ስላለው የኮሌጅ ክፍያ ባወጣነው ጽሑፍ፣ በአደንዛዥ ዕፅ ጥፋተኛ የተባለ ተማሪ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ የጠቀስነው የተሻረ ሕግ ነው።

የ1998ቱ ሕግ (ዓመታቱ በፈረንጆች ናቸው) ዕፅ ይዞ ለተገኘ በመጀመሪያው ጥፋት 1 ዓመት፣ በሁለተኛው 2 ዓመት፣ በሦስተኛው ላልተወሰነ ጊዜ እርዳታ ይከለክል ነበር። እስሩን ጨርሶ የወጣ ነፍሰ ገዳይ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ አልነበረበትም። በዚያው ዓመት የተመሠረተው ስቱደንትስ ፎር ሴንሲብል ድራግ ፖሊሲ የተባለ የተማሪዎች ማኅበር ሕጉን ለማሻር ተሟግቷል። ኮንግረስ በ2006 ክልከላውን እርዳታ እየተቀበሉ ለተፈጸመ ጥፋት ብቻ አጠበበው፤ በዲሴምበር 2020 ሻረው። ከ2023–24 የትምህርት ዓመት ጀምሮ ስለ ዕፅ ፍርድ የሚጠይቀው ጥያቄ ራሱ ከፋፍሳ ቅጽ ወጥቷል። ምንጫችን የሕጉ ጽሑፍና የትምህርት መሥሪያ ቤቱ መመሪያ ነው።

እኛን አምኖ ፋፍሳ ሳይሞላ የቀረ ተማሪ አሁን ይሙላ። የፌዴራሉ ቀነ ገደብ የትምህርት ዓመቱ የሚዘጋበት ጁን 30 ነው፤ የብዙ ስቴቶች ግን ይቀድማል።

የኢሚግሬሽን ሕጉ ግን ሌላ ነው። ግሪን ካርድ ያለውን ሰው የዕፅ ፍርድ ዛሬም ከአገር ሊያስባርር ይችላል፤ ከዚህ የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራስ ፍጆታ፣ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ማሪዋና መያዝ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛ ነኝ ከማለት በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋል።