የፈንገስ ግድግዳ ሳይፈርስ ያድጋል?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ «የሕዋስ ግድግዳን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞች ከሌሉ ፈንገስ ማደግም መራባትም አይችልም።»

ደጋፊ፦

ከመሠረቱ እንነሳ። የፈንገስ ሕዋስ በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ነው። ግድግዳው በአብዛኛው ካይቲንና ግሉካን ከሚባሉ የስኳር ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ውስጥ ያለው የውሃ ግፊት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይገፋል። ታዲያ ሕዋሱ ልደግ ካለ ምን ያድርግ? ግድግዳው ላይ ቦታ መክፈት አለበት። ባርትኒኪ ጋርሲያ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው። በሃይፋው፣ ማለትም በፈንገሱ ክር ጫፍ ላይ አፍራሽና ገንቢ ኢንዛይሞች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዱ ሰንሰለቱን ይበጥሳል፤ ሌላው በክፍተቱ አዲስ ይሰካል። አፍራሹ ከበዛ ጫፉ ይፈነዳል። ገንቢው ከበዛ ደግሞ ጫፉ ደርቆ ይቆማል።

ተቃዋሚ፦

ሐሳቡ ያምራል። ማስረጃው ግን የታለ? ዌሰልስ የሚባለው ተመራማሪ ነገሩን ያለ ማፍረስ አስረድቶታል። ጫፉ ላይ የሚወጣው አዲስ ግድግዳ እንደ እርጥብ ጭቃ ለስላሳ ነው። የሚጠነክረው ካይቲኑና ግሉካኑ እርስ በርስ ሲተሳሰሩ ነው፤ እስከዚያ ጫፉ ወደፊት አልፏል። ገና ያልጠነከረ ነገር ምን ብሎ ይፈርሳል?

ደግሞ ተሞክሯል። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ከተባለው ሻጋታ ከአንድ ቤተሰብ የሆኑ አምስት የካይቲኔዝ ጂኖች ተሰርዘውበታል። ካይቲኔዝ እንግዲህ ካይቲንን የሚቆርጠው ኢንዛይም ነው። ሻጋታው ግን ያለ ትልቅ ችግር አደገ። አሁን ገንቢውን እንንካ። ካስፖፈንጊን የተባለው መድኃኒት ግሉካን የሚሠራውን ኢንዛይም ይዘጋል፤ የዚሁ ሻጋታ ጫፎችም እየፈነዱ ይሞታሉ። የትኛው ነው ታዲያ የግድ የሚያስፈልገው?

ደጋፊ፦

ወዳጄ፣ የፈነዱትን ጫፎች ለእኔ ነው የሰጡኝ። ግንባታው ሲቆም ጫፉ ለምን ይፈነዳል? ማፍረሱ ስላልቆመ!

አምስቱ ጂኖችም ቢሆኑ የዚያ ሻጋታ ካይቲኔዞች በሙሉ አይደሉም። ግሉካን ቆራጮቹን ደግሞ ማን ነካቸው? አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይተካል።

ወደ እርሾ እንምጣ። እናት ሕዋስ ልጇን ስታወጣ በመካከላቸው የካይቲን ግርዶሽ ይሠራል። ግርዶሹን የሚቆርጠው ካይቲኔዝ የሚመጣው ከልጅየው በኩል ነው፤ እናትየዋ ላይ የካይቲን ጠባሳ ይቀራል። የዚህ ኢንዛይም ጂን ሲሰረዝ እናትና ልጅ፣ ከዚያም የልጅ ልጅ ተጣብቀው ዘለላ ይሆናሉ።

ተቃዋሚ፦

ጫፉን ለማፈንዳት አፍራሽ ኢንዛይም አያስፈልግም። ግድግዳው ከሳሳ የውሃው ግፊት ብቻውን ይበቃዋል።

የእርሾው ታሪክ እውነት ነው፤ ግን ጨርሱት እንጂ! ዘለላው ውስጥ ያሉት ሕዋሳት አልሞቱም፣ እየበዙ ነው። የጎደላቸው መለያየት ብቻ ነው። እንዲያውም ካይቲኔዙ ሲቆርጥ አንዳንዴ ከልክ ያልፋል፤ የልጅየውን ግድግዳ ያቆስላል። ያንን ቁስል የሚጠግን የራሱ ካይቲን ሠሪ ኢንዛይም አለ። እሱ ሲጠፋ፣ በተለይ አሲድ በበዛበት ምግብ ውስጥ፣ ልጆቹ እየፈሰሱ ይሞታሉ። ካይቲኔዙም አብሮ ሲጠፋ ግን ይተርፋሉ። የግድ ያስፈልጋል የሚባለው ይህ ነው?

ደጋፊ፦

እሺ፣ ጫፉን ለጊዜው እንተወው። ቅርንጫፉስ? ሃይፋው ከኋላ፣ ጭቃዎ ከደረቀ በኋላ፣ ከጎኑ አዲስ ክር ያወጣል። በዚያ ቦታ ለስላሳ ግድግዳ የለም። የተሳሰረውን ማን ፈታው?

ኮፕሪነስ የሚባለውን እንጉዳይም ይመልከቱ። ስፖሮቹ፣ ማለትም እንደ ዘር የሚበተኑት ብናኞቹ፣ ከኮፍያው ጠርዝ ጀምረው ይደርሳሉ። ጠርዙ ስፖሩን ከለቀቀ በኋላ በራሱ ኢንዛይሞች ቀልጦ ጥቁር ፈሳሽ ይሆናል፤ ከላይ ላሉት ስፖሮችም መውጫው ይከፈትላቸዋል። ይሄ ጉዳት ነው እንዴ?

ተቃዋሚ፦

እንጉዳዩን ወሰዱት፤ አልከራከርም። በቅርንጫፉም የደረቀው ግድግዳ መላላቱን እቀበላለሁ። ግን መላላት ሁሉ መቁረጥ አይደለም። ሰንሰለት ቆርጠው ቁራጩን እዚያው ከሌላ ሰንሰለት ጋር የሚቀጥሉ ኢንዛይሞችም አሉ። እነሱን አፍራሽ ይሏቸዋል ወይስ ገንቢ? አፍራሽ ካሉ የመከራከሪያ ሐሳቡን ከእኔ ጋር እንደገና ይጻፉት።