ጥርስ በሌላ በሽታ ስም ይገድላል

በቅርቡ እዚሁ ጎንደር በተካሄደ የበጀት ውይይት ላይ አንዲት እናት ስለ ሰፈራቸው ጤና ጣቢያ የጥርስ ክፍል ጠየቁ። የሕክምና ወንበሩ ከተበላሸ ወዲህ ክፍሉ የካርቶን ማከማቻ ሆኗል። መልስ የሰጡት ኃላፊ ፈገግ ብለው «እኔ ጥርስ የገደለው ሰው እስካሁን አላየሁም» አሉ። አስከትለውም በጀት ለሚገድሉ በሽታዎች መቅደም እንዳለበት፣ የጥርስ ሕክምና ከቁንጅና ጋር የተያያዘ አገልግሎት እንደሆነ፣ የፈለገ ሰው በግል ክሊኒክ መታከም እንደሚችል አብራሩ። አዳራሹ ሳቀ። ጠያቂዋ ተቀመጡ። ውይይቱም ወደ ኮብልስቶን ተሻገረ።

ከቁንጅናው ልጀምር፤ ከተባለው ሁሉ እጅግ የቀለለው እሱ ነውና። ከቆላ ድባ ጉንጩ አብጦ፣ ፊቱን በጋቢ ጠቅልሎ በሚኒባስ የሚመጣው ገበሬ ጥርሱን ሊያስነጣ ነው የመጣው? ቅርንፉድ ነክሳ፣ አረቄ በአፏ ይዛ ሌሊቱን ቁጭ ብላ የምታነጋው ሴት ፈገግታዬ አላማረኝም ብላ ነው? ኃላፊው የጥርስ ሕክምና ሲባል ትዝ የሚላቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያለው ነጭ ፈገግታ ከሆነ፣ ከቢሯቸው ወጥተው የጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ አንድ ጠዋት ቢቀመጡ ይበቃቸዋል።

«አላየሁም» ለሚለው ግን መልሱ ረዘም ይላል። እርግጥ ነው፣ አላዩም። ጥርስ መች በራሱ ስም ገድሎ ያውቃል! ጥፋቱ የጥርስ ሆኖ ሳለ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ሌላ ነው፤ የደም መመረዝ፣ የአንጎል መግል፣ የልብ ድካም፣ የመተንፈሻ መዘጋት። ለለቀስተኛውም «ድንገት ነው፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው ያመመው» ይባላል። ከሦስቱ ቀናት በፊት ስለነበሩት ወራትና ዓመታት የሚጠይቅ የለም።

በእነዚያ ዓመታት የሚሆነው ይህ ነው። ጥርስ ሲቦረቦር ባክቴሪያው ጠንካራውን ሽፋን በልቶ ነርቭና የደም ሥር ወዳለበት ውስጠኛ ክፍል ይደርሳል። ያን ጊዜ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ግድግዳ ይቧጥጣል። ከዚያ አንድ ጠዋት ሕመሙ ጸጥ ይላል። ሰውየው «ተመስገን፣ ተሻለኝ» ይላል። አልተሻለውም፤ ነርቩ ሞቶ ነው። የሞተው ሥጋ ደም ስለማይደርሰው መድኃኒትም የሰውነት መከላከያም አይደርሰውም። ባክቴሪያው ያለ ከልካይ በሥሩ ጫፍ ወጥቶ መንጋጋ አጥንት ውስጥ መግል ይቋጥራል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው አሞክሳሲሊን እብጠቱን ለጊዜው ያስታግሰዋል እንጂ ምንጩን አያደርቀውም። መግሉ መውጣት አለበት፤ ጥርሱም ወይ መነቀል፣ ወይ ሥሩ ተጠርጎ መታከም አለበት። ካርቶን የተደረደረበት ክፍል ሥራው ይህ ነበር።

ሳይታከም ሲቀርስ? ከታችኛው መንጋጋ የኋላ ጥርሶች የሚነሳ ኢንፌክሽን ከምላስ ሥር ወዳለው ለስላሳ ሥጋ ሲገባ አካባቢው ያብጣል፤ ምላስ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል፤ የአየር መተላለፊያው ይጠብባል። ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሪድሪሽ ፎን ሉድቪግ ይህን ሕመም በ1836 እ.ኤ.አ. ስለጻፈበት እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። አንቲባዮቲክ ከመገኘቱ በፊት ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ ይሞቱ ነበር። ዛሬም ቢሆን በሰዓታት ውስጥ ሰውን አፍኖ ሊገድል ይችላል። ኢንፌክሽኑ ወደ ላይ ከሄደ መድረሻው የዓይን ጀርባና አንጎል ነው፤ ወደ ታች ከወረደ ደረት ነው። እነዚህ ሁሉ በየትኛው ዓምድ ይመዘገቡ ይሆን? በቁንጅና?

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያንገበግበኝ ግን የልብ ነገር ነው። በአገራችን ልጆችንና ወጣቶችን ከሚያጠቁ የልብ ሕመሞች ከዋነኞቹ አንዱ ሩማቲክ የሚባለው ነው። መነሻው በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ነው፤ ሰውነት ባክቴሪያውን እዋጋለሁ ሲል የራሱን የልብ ቫልቭ ያቆስላል። እንዲህ ያለ ቫልቭ ይዞ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ «ድካም ነው» ይላል። አሁን ይህ ሰው የተበላሸ ጥርስና የሚደማ ድድ አለው እንበል። ባኘከና በፋቀ ቁጥር የአፉ ባክቴሪያ ወደ ደሙ ይገባል። ጤነኛ ሰው ውስጥ ደሙ ወዲያው ያጠራዋል። የቆሰለው ቫልቭ ላይ ግን ይጣበቃል፣ ይራባል፣ ቫልቩን ይበላል፤ ቁራጩ ተገንጥሎ አንጎል ከደረሰ ሰውየውን ሽባ ያደርገዋል። ሕክምናው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው። አንዳንዱ ከዚያም አልፎ የልብ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል፤ ወረፋውን ጠባቂ ቤተሰብ ያውቀዋል። እንግዲህ የጥርስ ክፍሉን ዘግተን «ገንዘብ ቆጠብን» የምንለው፣ በደቂቃዎች ሊነቀል በሚችል ጥርስ ፈንታ አንድ የሆስፒታል አልጋ ለአንድ ወር ተኩል ይዘን ነው። በልጅነቱ ጉሮሮው ተናቀ፣ ሲጎለምስ ጥርሱ ተናቀ፤ ሲሞት «የልብ በሽተኛ ነበር» ተባለ። ታዲያ ኃላፊው ጥርስ የገደለውን ሰው ከየት ያዩታል?

ሩቅ አገር ምሳሌ ካስፈለገም አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የ12 ዓመት ልጅ ከተበከለ ጥርሱ የተነሳ ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ሞተ። ጥርሱን ለመንቀል 80 ዶላር ይበቃ ነበር። ሁለት ጊዜ ጭንቅላቱን ቀዶ ለማከምና ሳምንታት አስተኝቶ ለመንከባከብ የወጣው ግን ወደ 250 ሺህ ዶላር ተገምቷል። ያ ልጅ ጭንቅላቱን የሚከፍት ሐኪም አግኝቶ እንኳ አልተረፈም። ከበለሳ ወይም ከጭልጋ የሚነሳው የእኛ ልጅ በየትኛው ዕድሉ?

ስኳር በሽታም አለ። የድድ ኢንፌክሽን የደም ስኳርን መቆጣጠር ያስቸግራል፤ ከፍ ያለ የደም ስኳር ደግሞ መልሶ ድዱን ያባብሰዋል። ድድ ሲታከም የስኳሩ ልክ በተወሰነ ደረጃ ዝቅ እንደሚል ተረጋግጧል። የድድ በሽታ ለልብ ድካምና ለስትሮክ መንስኤ ነው ወይስ አብሮ የሚታይ ብቻ ነው በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ገና ይከራከራሉ። ይከራከሩ። መግል በአፍ ይዞ መኖር ለማንም እንደማይበጅ ለማወቅ የክርክሩን ፍጻሜ መጠበቅ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልመንላቸው፤ አብዛኛው የታመመ ጥርስ ሰው አይገድልም። አብዛኛው ወባም አይገድልም! «አብዛኛው አይገድልም» ብለን በደንቢያ የወባ ሥራን እንተው? ይህች ከተማ እኮ ገና በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት፣ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተምረው ወደየገጠሩ የሚወጡ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያፈራች ናት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዋ የጥርስ ሐኪሞችን ያስተምራል። እዚህ ተቀምጦ ጥርስን ቅንጦት ማለት ሌላ ቦታ ከመናገር ይበልጥ ያሳፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የአፍ በሽታዎች ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደሚነኩ ገልጿል። ከድድ ቁስል ጀምሮ የሕፃናትን ፊት የሚበላውንና በአገራችንም የሚታየውን ኖማን ደግሞ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር አስገብቶታል።

የሚያስፈልገው ነገር የሰማይ ያህል ሩቅ አይደለም። ወንበሩ ይጠገን፤ ካልተጠገነም በቀላል ወንበርና በጥሩ መብራት ጥርስ መንቀል ይቻላል። ማደንዘዣ፣ መንቀያ፣ መሣሪያውን የሚያመክን ማሽንና አንድ የሠለጠነ ባለሙያ ይመደብ። ያለ መሰርሰሪያ ትንንሽ ቀዳዳ ለመሙላት የሚያገለግለው ግላስ አዮኖመር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። የልብ ሕመምተኞችንና የስኳር ታማሚዎችን የሚከታተሉ ክፍሎች በየቀጠሮው አፍ አስከፍተው ይዩ። በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አራት ምልክቶችን ይወቁ፦ አፍ መክፈት ማቃት፣ ምራቅ መዋጥ ማቃት፣ ከአገጭ ሥር የጠነከረ እብጠት፣ ከእብጠቱ ጋር ትኩሳት። ከእነዚህ አንዱን ያዩበትን ሰው ለነገ ሳያሳድሩ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይላኩት።