አንድ ዲናር

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ያረጀች የዲናር ኖት ነው።

ማልታ ውስጥ በምንሠራበት ምግብ ቤት የምሳ ግርግር ካለፈ በኋላ በጓሮ በር እንወጣና የአትክልት ሳጥን ገልብጠን እንቀመጣለን። ሻይ የሚያፈሉት ሊቢያዊው ሽማግሌ ናቸው። ወፍራም፣ ጥቁር፣ አረፋው ላይ ኦቾሎኒ የተበተነበት ሻይ። ሀጂ ነው የምንላቸው። የትሪፖሊ ሰው ናቸው፤ በሙያቸው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ እዚህ ግን አትክልት ይከትፋሉ። ሰሃን አጣቢው ልጅ ደግሞ ከቤንጋዚ ነው። ከኛ ሰው እኔና ወጥ ቤቷ እትዬ አለን። ሁለታችንም ዓረብኛውን ያነሳነው ካርቱም ነው። ዓረብኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በአማርኛ ስጽፈው ሀጂን አንተ ልላቸው አልሆነልኝም። ዓመቶቹንም እንዳወሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ትቻቸዋለሁ።

የዚያን ቀን ሀጂ የመድኃኒት ማዘዣ ሲፈልጉ ከቦርሳቸው አንድ ዲናር ወደቀች። ጋዳፊ ያለባት፣ የድሮዋ። ልጁ አነሳትና ገልበጥ አድርጎ አያት።

«ይሄን ሰውዬ እስከ ዛሬ ኪስዎ ይዘውት ይዞራሉ?»

«በዚህች ስንት ሊትር ቤንዚን ይገዛ እንደነበር ታውቃለህ?» አሉት።

«ስድስት ሊትር ከምናምን። ስንቴ ነገሩኝ! በመንግሥት ዋጋ ዛሬም ያው ነው እኮ።»

«ማደያው ላይ ካገኘህ ነዋ!»

ሳቅን። ሳቁ ግን እዚያው ቀረ።

ሀጂ ጀመሩ። አባታቸው ፊርማቸው የአውራ ጣት አሻራ ነበር። ልጅ ሆነው የኖሩት ከትሪፖሊ ዳር በቆርቆሮ ቤት ነው። ነዳጁ የተገኘው በ1959፣ በንጉሥ ኢድሪስ ጊዜ ነው፤ እሱን አይክዱም። «ግን እኛ ቤት መች ገባ?» አሉ። በመስከረም 1969 የ27 ዓመቱ መኮንን ጋዳፊ ንጉሡ ለሕክምና ቱርክ ባሉበት ሥልጣን ያዘ። በዓመቱ የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ሰፈሮች ተዘጉ። የነዳጅ ኩባንያዎቹ ዋጋ እንዲጨምሩ ተገደዱ። ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ የመንግሥት አፓርታማ መጣ። እሳቸውም በመንግሥት ወጪ ውጭ አገር ተምረው ተመለሱ።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። ሰው ሠራሹን ታላቁን ወንዝ ማለታቸው ነው። በ1984 የተጀመረ፣ ከሰሃራ ሥር የከርሰ ምድር ውሃ እያወጣ በአሸዋ ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚያወርድ ሥራ። ቧንቧው መኪና ያሳልፋል፤ ስፋቱ 4 ሜትር ነው። ሀጂ ፓምፕ ጣቢያው ላይ ሠርተዋል። «በፊት የትሪፖሊ የቧንቧ ውሃ ጨው ጨው ይል ነበር። ሻዩ ራሱ። በ1996 የኛ ውሃ ከተማ ሲገባ ሚስቴ ሻይ አፍልታ ቀመሰችና አለቀሰች።»

ልጁ ቀና አለ። «በ1996?»

«አዎ።»

«ትሪፖሊ?»

ሀጂ ወዲያው ገባቸው። ብርጭቆውን አስቀመጡ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር፣ በዚያችው ከተማ፣ አቡ ሰሊም የሚባል እስር ቤት ውስጥ 1,200 ያህል እስረኞች በጥይት ተረሸኑ። የእስር ቤቱን አያያዝ ተቃውመው ባመፁ ማግስት ነው። የልጁ አጎት እዚያ ነበር። አያቱ ከቤንጋዚ ትሪፖሊ ድረስ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ስንቅ ይዛ ትመላለስ ነበር። ማየት አይፈቀድላትም። ዘበኞቹ ግን ዕቃውን ይቀበሏታል። ልጇ ከሞተ በኋላም ይቀበሏት ነበር። ለዓመታት። የአንዲት እናት ብቻ አይደለም፤ የብዙ ቤት ታሪክ ነው። በ2011 ቤንጋዚ ላይ አመፁ የተቀጣጠለው የነዚህ ቤተሰቦች ጠበቃ ሲታሰር ነው።

«እርስዎ ውሃ ሲያስገቡ እዚያ ጎረቤት ተኩስ አልተሰማም?» አለ ልጁ።

«የሰማስ ሰው ለማን ያወራል?» አሉ ሀጂ፣ ቀስ ብለው።

ይሄን ሲሉ የረቱ መስሏቸው እንደሆነ አላውቅም። ለኔ ግን ከቀኑ ወሬ ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር።

ሀጂ እጅ አይሰጡም። ወደ ዛሬው ዞሩ። ሁለት መንግሥት፣ በየሰፈሩ ታጣቂ፣ ወደብ የሚዘጋ የጎበዝ አለቃ። «ደርናስ?» አሉ። በመስከረም 2023 ዶፉ ሲወርድ ሁለቱ ግድቦች ፈርሰው ከተማዋን ወደ ባሕር የጠረጓት። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ሌሊት አለቀ። «እሱ ቢኖር ይሄ ይሆን ነበር?»

«ግድቦቹ የተሠሩት በሱ ጊዜ፣ መሰንጠቃቸውም የታወቀው በሱ ጊዜ» አለ ልጁ።

«ጥገናውም ተጀምሮ ነበር! በናንተ አብዮት ቆመ።»

ሁለቱም ያሉት እውነት ነው። ችግሩም እሱ ነው።

ሎከርቢን እኔ ነኝ ያነሳሁት፤ በ1988 ስኮትላንድ ሰማይ ላይ ስለፈነዳው፣ የጋዳፊ የስለላ ሰው ስለተፈረደበት አውሮፕላንና ስለ 270ዎቹ ሟቾች። ፍርድ ቤቱ እንዳለው ቦምቡ የነበረበት ሻንጣ የተነሳው ከዚህችው ደሴት አየር ማረፊያ ነው። ማንም አልተቀበለኝም። ለነሱ የሩቅ ዘመድ ሬሳ ነው መሰለኝ፤ ጠባቸው የቤት ነው።

እትዬ እስከዚያ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። «እኔስ የት ነኝ በዚህ ወሬ?» አለች።

በረሃውን ያቋረጠችው ጋዳፊ እያለ ነው። ደቡብ ምሥራቅ ሊቢያ በረሃ ውስጥ ባለችው ኩፍራ ታስራለች። በጭነት መኪና ላይ በተጫነ የብረት ኮንቴይነር፣ ያውም በዚያ ሙቀት፣ ተቆልፎባቸው ተጉዘዋል። ኩፍራ ላይ ፖሊሱ ራሱ ለደላላ ሸጧቸዋል። «በ1999 ሲርት ላይ ሰብስቦ የአፍሪካ ኅብረት ይመሥረት ያለው እሱ ነው፤ አይደል?» አለች። «በ2009 አዲስ አበባ መጥቶ ሊቀ መንበር ሆነ። የአፍሪካ ንጉሠ ነገሥት በሉኝ አለ፤ ለኛ ለንጉሠ ነገሥት አገር ሰዎች! ያኔ እኔ አፍሪካዊት አልነበርኩም?» ከጣሊያን ጋር በ2008 ውል ሲፈራረም፣ የ5 ቢሊዮን ዶላር የቅኝ ግዛት ካሳ ቃል ሲገባለት፣ በጀልባ የወጣውን ሰው ለመያዝም ተስማምቷል። በ2010 ሮም ሄዶ በዓመት 5 ቢሊዮን ዩሮ ካልሰጣችሁኝ አውሮፓ ትጠቁራለች አለ። «እኛን ማስፈራሪያ አድርጎ!»

ሀጂ የ2015ቱን አነሱባት። ባሕር ዳርቻ ላይ ስለታረዱት ወንድሞቻችን። እሱ እያለ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም አሉ።

«አልነበረም» አለች። «እነዚያ ያረዱን እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ አልክድም። እኔ ግን የተሸጥኩት በሱ ጊዜ ነው።»

እኔ ድሮ የሀጂ ወገን ነበርኩ። ሐበሻ ተሰብስቦ ስለ ሊቢያ ሲያወራ «ጋዳፊ እያለ ገነት ነበረች» ይባላል፤ እኔም ብዬዋለሁ። ኔቶ ሲቪል ለመጠበቅ በወጣ ውሳኔ ገብቶ፣ መንግሥት ገልብጦ፣ አገሩን ሜዳ ላይ ጥሎት መሄዱ ዛሬም ያናድደኛል። ግን አሁን አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። በየካቲት 2011 ሰውዬው ራሱ በቴሌቪዥን ቆሞ የምለቀው ሥልጣን የለኝም ብሏል። ወረቀቱን ካየነው ልክ ነው። ሕገ መንግሥት የለም፣ ፓርቲ ክልክል ነው፣ ጉልበቱ ያለው ጦር በልጆቹ እጅ ነው። 42 ዓመት ሙሉ ሌላ የሚቆም ነገር እንዳይበቅል ነቅሎ ነቅሎ ጨረሰ። በጥቅምት 2011 ሲርት ላይ ሲገደል የሚይዝ ባላ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ትርምስ ለሱ ምስክር አድርገን ስንቆጥርለት፣ የሠራውን ጥፋት መልሰን ሽልማት እናደርግለታለን። ለውሃው አመሰግናለሁ። ለትርምሱ ግን ዋናው ባለዕዳ እሱ ነው፤ ኔቶና ታጣቂዎቹ ከሱ በኋላ ይሰለፉ።

ይሄን ለሀጂ አልነገርኳቸውም። የሚያውቁት ይመስለኛል።

ዕረፍቱ አለቀ። ልጁ ዲናሯን መለሰላቸው፤ እሳቸውም አጥፈው ከተቱት። ማታ ልንወጣ ስንል ሀጂ ልጁን በር ላይ አስቆሙት።

«አያትህ ምን ነበር የምትወስድለት?»

«ብዙ ጊዜ ካልሲ» አለ። «እስር ቤት ወለሉ ይበርዳል ብላ።»