አዲስ አበቤ ሐረር ሲገባ

አዲስ አበቤ ሐረር የሚወርደው «ተቻችሎ መኖር» የሚባለውን ነገር በዓይኑ ሊያይ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ከጎረቤቱ ጋር በሁለት ስንዝር አጥር ተካሶ ፍርድ ቤት ይመላለሳል፤ ጀጎል ገብቶ 82 መስጊድ መኖሩን ሲሰማና መሐል ከተማው ላይ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንን ሲያይ ግን ስለ አብሮነት ዕንባ ይተናነቀዋል። አንድ እንዲህ ዓይነት ወዳጅ አለኝ፤ አብረን ሄድን።

የጀጎልን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ለሰው በር፣ ለጅብ ደግሞ ከሥር ቀዳዳ አለው። ጅቡ ማታ ይገባል፣ ጥራጊውን አጽድቶ ይወጣል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም፤ ሐረር ጅቡን በስሙ ጠርቶ ያጎርሰዋል። ቁርበት አንጥፉልኝ ባዩ እንግዳው ነው፦ «ዋይፋይ የለም? ማኪያቶስ?»

ወዳጄ ማታ ሥጋ የተንጠለጠለበትን እንጨት በጥርሱ ነክሶ ተንበረከከ። ጅቡ የፊት እግሮቹን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሥጋዋን ብቻ በጨዋ ደንብ ወስዶ ለተከታዩ ቦታ ለቀቀ። (የኛ የታክሲ ሰልፍ ይህን ቢያይ ያፍራል።) ወዳጄ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንጨቱን እንደነከሰ፣ «እምዬ ማርያም» የሚመስል ድምፅ ያሰማ ነበር። ራት ሳንበላ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ፦ «ፍርሃት አላውቅም»።

በማግስቱ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ጨርቅ ገዝተን ለአንዱ ልብስ ሰፊ ሰጠነው። ሰውዬው እግሩን ከመርገጫው ሳያነሣ ከጎረቤቱ ጋር በሐረሪ፣ ከጫት ሻጯ ጋር በኦሮምኛ፣ ስልኩ ሲጮኽ በሶማሊኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራል። ወዳጄ «ወይ ጉድ!» እያለ ይቀርጻል። እኔን የገረመኝ በአራቱም ቋንቋ ዋጋ አለመቀነሱ ነው።

ቀጥሎ ራምቦ ቤት። ፈረንሳዊው ገጣሚ ግጥሙን ቀድሞ ትቶ፣ ሐረር ላይ ቡናና ጠመንጃ ሲነግድ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1891 ሞተ። ባለ ቀለም መስተዋቱን ቤት ያሠራው ከእሱ ሞት በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ወዳጄ ግን «ገጣሚው የሚቀመጥበት መስኮት የትኛው ነው?» አለ። አስጎብኚው እንግዳ ማሳፈር አይወድም፤ አንዱን መስኮት አሳየው። ወዳጄ እዚያ ተቀምጦ ሲተክዝ አነሣሁት።

በመጨረሻ አንድ የሐረሪ ቤት ገባን። ጫማችንን አወለቅን። ግድግዳው በስፌት ተሞልቷል፣ መደቡ በቀይ ቀለም ያበራል። መደቦቹ፣ ነደባ የሚሏቸው፣ አምስት ናቸው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ወዳጄ ፎቶ የሚያምርበትን መርጦ ተደላደለና ስልኩን ወደ ባለቤቲቱ ዘርግቶ «እማማ፣ የአብሮነታችሁ ምስጢር ምንድን ነው?» አላቸው።

«አቦ፣ መጀመሪያ ከዚያ ውረድ» አሉት። «የአባወራው ነው።»